የተናኜ እሑዶች

ተናኜ ቡሬ ገበያ ዳር፣ በረንዳ ላይ ልብስ ትሰፋ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ትውላለች። እሑድ ግን ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን አደግድጋ ከከተማው በላይ ወዳለው ጋራ ትወጣለች። እንጨት አትለቅም፣ ጠበል አትቀዳም፣ እዚያ የምትጠይቀው ዘመድም የላት። ዝም ብላ ትወጣና ሣሩ ላይ ጋደም ብላ ደመናው ሲሄድ አይታ ትመለሳለች። የተወለደችው ከገበዝ ማርያም ማዶ፣ ደጋ ላይ ነው፤ ሜዳ ላይ ስትከርም ደረቷ የሚጠብባት ይመስላታል።

ሞባይል ቡሬ ገና አልገባም፤ ወሬ ግን ያለ ስልክም ፈጣን ነበር። ጎረቤቷ እትዬ አልጣሽ አንድ ቀን ባሏን ንብረትን ከአናጺ ቤቱ ደጃፍ አገኙት።

«የሚስትህ እግር እንዴት ብርቱ ነው፣ ልጄ! ጋራው ላይ ደግ ጎረቤት አገኘች መሰል» አሉትና አለፉ።

ነገሩ ገባው። እራት ላይ «እዚያ ምን አለ?» ብሎ ጠየቃት።

«ምንም የለ።»

«ለምንም ብሎ ዳገት የሚወጣ ሰው አለ?»

«እኔ ብነግርህ አይገባህም። አንድ ቀን አብረኸኝ ና።»

በጳጉሜን እሑድ ተከተላት። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ መንገዱ ያዳልጣል። የጋራው ወገብ ላይ ሲደርሱ ጉም መጣና ዋጣቸው። ንብረት ከፊቱ የነበረችው ሚስቱ ጠፋችበት።

«ተናኜ!»

ደግሞ ሲጣራ፣ ከላይ ከነጭነቱ ውስጥ እንጉርጉሮዋ መጣ። ቤት ውስጥ ሰምቶት የማያውቀው የልጅነቷ ዜማ ነበር። በድምፅዋ እየተመራ ወጣ፣ ወጣና ድንገት ከጉሙ በላይ ብቅ አለ። ፀሐይ ነበረች። ከእግራቸው ሥር ቡሬ የለችም፣ ገበያው የለም፣ እትዬ አልጣሽም የሉም፤ ነጭ ባሕር ብቻ፣ ከባሕሩ ሆድ ደግሞ የሩቅ ውሻ ድምፅ። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጉሙ ተገፍፎ ከተማዋ ስትታይ ተነሡ።

ሲወርዱ «ጠርጥሬሽ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ። ስንወጣ የየዛፉን ጀርባ ስታይ ነበር!» ብላ ሳቀች።

መስከረም ላይ አደይ አበባ ጋራውን ሲያለብሰው ንብረት የጭነት ገመድ ተሸክሞ ወጣ፤ ትልቅ ዋንዛ ላይም ዥዋዥዌ ሰቀለላት። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት፣ ነጠላዋ ከኋላዋ እየተንሳፈፈ በቢጫው ላይ ስትሄድ ስትመጣ፣ መሬት የረሳት መሰለው። «ግፋ! ግፋ እንጂ!» ትለዋለች።

ለገና በዓል ደግሞ፣ አዝመራው የተሰበሰበበት ማሳ ላይ ከጎረምሶች ጋር ገና ተጫወተ። ቅልጥሙን ተመቶ እያነከሰ ሲገባ፣ ተናኜ በጨው ውሃ እያጠበችው እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችበት።

መጋቢት ላይ ሙቀቱ ሲጠና ወንዝ ወረዱ። ውሃው ቀጥኖ በድንጋዮቹ መሀል ያንሾካሹካል። እግራቸውን ሲነክሩ ቆዩና ንብረትን የሞቀ ድንጋይ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። የማዶው ጋራ ጥላ ቀስ እያለ ወንዙን ተሻገረ። «እንሂድ» ልትለው ነበር፤ ፊቱ እንዴት እንዳረፈ አየችና ተወችው። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ውሃው እስከ ጉልበቷ እስኪደርስ ድረስ ወደ መሀል ገባች።