ልጄን በስልክ ስድር

የልጄ ኒካህ ቅዳሜ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው ተባለ። ፍየል የምጠብቅለት ሳውዲያዊው አሠሪዬ፣ ከፊሌ ደግሞ፣ አላህ ይይልኝና፣ ከሳምንቱ ቀን ሁሉ ቅዳሜን መርጦ ፍየሎቹን ሊያስከትብ መጣ። «ያላ፣ መቶ አለቃ!» ይለኛል። ይህን ያስተማሩት እዚህ አል-ዓሪዳ አብረውኝ የሚሠሩት የወሎ ልጆች ናቸው። ትርጉሙን አያውቀውም፤ እኔን ሲያበሽቀኝ ስላየ ግን ወደደው።

መቶ አለቃስ ነበርኩ። የድንበሩ ጦርነት ሲነሳ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ሚስቴን ከነአራስነቷ ትቼ ዘመትኩ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰሃል ብለው ኮርስ አስገቡኝና መኮንን አደረጉኝ። ጦርነቱ ቢያልቅም እኔ ምሽግ ስጠብቅ ዓመታት ነጎዱ። ስሰናበት ኪሴም ባዶ፣ ጎተራዬም ባዶ፤ ቤቴ ጥቂት ሰንብቼ በየመን አድርጌ ጂዛን ገባሁ። ልጄን ያሳደጋት ታናሽ ወንድሜ ነው። ይህን አገር ያውቀዋል፣ እኔም አላጣሁትም። በደወልኩ ቁጥር የሚነግሩኝ ግን ለምንድን ነው?

ኒካህ ሲታሰር ለሙሽራው «ልጄን ድሬልሃለሁ» የሚለው አባት ነው። አባት ሩቅ ከሆነ ሌላ መወከል ይችላል። ሚስቴም ደውላ፣ «ወንድምህን ወክለውና ገላግለን። የዚያ የበረሃህ ኔትወርክ እንደሆነ አይታመንም» አለችኝ።

«ሞቻለሁ እንዴ? ጡት ስትጥል አልነበርኩ፣ ትምህርት ቤት ስትገባ አልነበርኩ። ይቺን አንዲት ቃል እንኳ በገዛ አፌ ልበላት!»

«እንግዲህ እንዳሻህ። ወትሮስ ማንን ሰምተህ ታውቃለህ!» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ቅዳሜ ፍየሎቹን ለጓደኞቼ ጥዬ ኮረብታው ላይ ወጣሁ፤ ሲግናል ያለው እዚያ ብቻ ነው። ከፊሌ ከታች ሆኖ ስሜን እየጠራ ይጮኻል። ይጩህ! ደወልኩ። መጀመሪያ የሰርገኛው ጫጫታ፣ ቀጥሎ የሸሁ ድምፅ መጣ። ሸሁ ለአገሩ አዲስ ናቸው፤ አያውቁኝም።

«የስልክ ኒካህ ጥንቃቄ ይፈልጋል» አሉ። «ድምፁ የአባትየው ለመሆኑ ማን ይመሰክራል?»

«ጋሼ ነው፣ እኔ እመሰክራለሁ» አለ ወንድሜ።

«ደግ፤ ሌላስ?»

አንዱ ሽማግሌ ከጥግ፣ «ኧረ የሱ ድምፅ እንዲህ ወፍራም አልነበረም» አይል መሰላችሁ!

«እናንተ ሰዎች ጤና የላችሁም?» ብዬ ጮኽኩ። «ዘመኔን ሙሉ መጀመሪያ በወታደር፣ ኋላ በፍየል ላይ ስጮህ ኖሬ ድምፄ ይቅጠን?» ስልኩ ተቋረጠ። የስልክ ካምፓኒውንም፣ ኮረብታውንም፣ ሽማግሌውንም እየረገምኩ እንደገና ደወልኩ።

ሸሁ፣ «በሉ ልጅቷን እንጠይቃት» አሉ። ደስ አለኝ። ሽማግሌ ቢክደኝ ልጄ አትክደኝም አልኩ። ስልኩን ሴቶቹ ወዳሉበት ጓዳ ወሰዱላት።

«ልጄ፣ ይህ ድምፅ የማን ነው?» አሏት ሸሁ።

ኔትወርኩ የጠፋ መስሎኝ «ሃሎ! ሃሎ!» አልኩ።

«አዎ፣ እሳቸው ናቸው» አለች ቀስ ብላ። «በስልክ የሚያናግሩን ሰውዬ።» ከዚያ ከስልኩ ራቅ ብላ፣ «አባ የት ሄደ? አባን ጥሩልኝ» ስትል ሰማሁ። አባ የምትለው ወንድሜን ነው።

ሸሁ ተመለሱ። «አልሐምዱሊላህ፣ አውቃዎታለች። በሉ እንግዲህ ድሬልሃለሁ ይበሉ» አሉኝ።

ቃሉን ሳምንቱን ሙሉ ከፍየሎቹ ኋላ ስለማመደው ነበር የሰነበትኩት። አፌ ግን እምቢ አለኝ።

«ሸህ፣ ወንድሜን ወክያለሁ። እሱ ይዳራት» አልኩ።

ወንድሜ፣ «ኧረ ጋሼ፣ ያንተ ነው!» አለ። ተቆጣሁት፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝማ። «በል ሰውየው፣ ሰው አታቁም!» አልኩት። እሱም «ልጄን ድሬልሃለሁ» ሲል በስልኩ ሰማሁት።