የማይነካ እሳት ለኪዋ

ሥራነሽ ገዳሙ ሙያዋን ለሰው ማስረዳት ከተወች ቆይታለች። ደብረ ማርቆስ በምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ሞልቷል፤ የእሷን ነገር የሚሠራ ግን አንድም የለም። የምትለካው ፕላዝማን ነው፤ በሚሊዮኖች ዲግሪ የጋለ ጋዝ። ቴርሞሜትር ቢያስገቡበት ተኖ ይጠፋል። ያለው ዘዴ ብርሃኑን ከሩቅ ተቀብሎ ወደ ቀለማቱ መነጣጠል ነው። ጋዙ በጋለ ቁጥር የየቀለሙ መስመር ይሰፋል፤ ስፋቱ ሙቀቱን ይናገራል።

ጀርመን አገር ስምንት ዓመት ይህንኑ ስትሠራ ኖራ፣ አምበር በምትባል ትንሽ ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩት አባቷ ዓይናቸው ሲጠፋ ተመለሰች። ሌላ ልጅ የላቸውም። ደብረ ማርቆስ አምጥታቸው አብረው ይኖራሉ። ብርሃኑን የምትነጣጥልበት መሣሪያ ጀርመን ቀረ። የቀድሞ ባልደረቦቿ አልፎ አልፎ ውጤት ይልኩላታል፤ መብራትና ኔትወርክ ሲገጥሙላት ታየዋለች።

ባለፈው ሰኔ የመጣው ውጤት በመሣሪያው ደርሰውበት የማያውቁት ሙቀት ነበር። ደብዳቤው ፈንጠዝያ ነው። ሥራነሽ መስመሩን ደጋግማ አየችው፤ ሰፋባት። መሣሪያው ራሱ መስመሩን በጥቂቱ እንደሚያሰፋ ታውቃለች። ያንን፣ የራሱ መስመር በማይሰፋ ቀዝቃዛ መብራት ለክታ የመዘገበችው እሷው ናት። ያንን ስፋት ከውጤቱ ላይ መቀነስ ረስተዋል። ይህንኑ ጻፈችላቸው።

ሁለት ሳምንት ዝም አሉ። ዝናቡ የቢሮዋን ቆርቆሮ ሲደበድብ ተቀምጣ ስሌቷን እንደገና ትሠራለች። ተሳስቼ ይሆን? የምትጠይቀው ሰው የለም። አንድ ቀን ወረቀቱን ይዛ የመምህራን ክበብ ድረስ ሄደች፤ ስለ ደመወዝና ስለ ኳስ ሲጫወቱ ሰምታ ሻይዋን ጠጥታ ወጣች።

በሦስተኛው ሳምንት አጭር መልስ መጣ፦ «ልክ ነሽ። አርመነዋል።»

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብታ ለአባቷ ነገረቻቸው።

«እሳቱ እነሱ ካሉት ያነሰ ሆኖ ተገኘ፣ አባባ።»

አቶ ገዳሙ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ መለሱ። «አነሰ? ታዲያ ምኑ ደስ ይላል?»

«እውነተኛው እሱ ስለሆነ። ብርሃኑ ራሱ ይናገራል።»

«እነሱስ ደስ አላቸው?»

«አይመስለኝም።»

«ብርሃኑን ብቻ አይተሽ ነው ያወቅሽው?»

«አዎ።»

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ወንበሯን አስጠግታ ጀመረች፤ ስለ ቀለማቱ፣ ስለ መስመሩ፣ ስለ ቀዝቃዛው መብራት። መሀል ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከለችላቸውና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የቀረውን እስከ መጨረሻው ተናገረች።