ፊሽካ ያላት መንገደኛ

የአሶሳ ፀሐይ ሳይጠነክር፣ ከስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት አንዲት ሴት በማንጎዎቹ ጥላ ወደ ትምህርት ቤት ታልፋለች። ሰማያዊ ቱታ ለብሳ፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ አንጠልጥላ፣ በእጇ ታጣፊ ወንበር ይዛ። የስፖርት አስተማሪ ናት፤ አረማመዷ ግን የሙሽራ ነው። በየሦስተኛው ማንጎ ፊሽካዋን አንዴ ትነፋና ወንበሯን ዘርግታ ለአምስት ደቂቃ ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች። እኔማ መጀመሪያ ከሥራ የምትሸሽ መስላኝ ነበር።

ዛሬ ፊት ለፊቴ እንደተቀመጠች፣ ከጎኔ ማንጎ የሚሸጡት እናት አላስችል አላቸው። "ማሻአላህ፣ ፊትሽ በርቷል! ምን ያስቀምጥሻል ልጄ? ሂጂ እንጂ!"

"ሳይደክመኝ ነው የምቀመጠው እናቴ" አለች እየሳቀች። "ሕመሜ እንቅልፍ የማይመልሰው ድካም ነው። ድሮ ደህና በሆንኩ ቀን ሁሉን ልጨርስ እልና፣ ሳምንቱን ጸጉሬን ማበጠር ያቅተኝ ነበር። ሰው ሰነፍ አለኝ። አቅም ሳለኝ ማረፍን ያስተማረችኝ የምታክመኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት።"

"ፊሽካውስ?"

"አሥራ አምስት ዓመት ተማሪ አስቁሜበታለሁ። እንደ ራሴ ያለ እምቢተኛ ግን አልገጠመኝም።"

ተነስታ ወንበሯን አጠፈች። እያንጎራጎረች ሄደች፤ ሦስተኛውን ማንጎ ሳታውቀው አለፈችው። ወዲያው ከኋላዋ ኃይለኛ ፉጨት ተሰማ። ማንጎ ሻጯ ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተዋል።

"ቁጭ በይ!"

አስተማሪዋ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች። ከዚያ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ አንገቷን ደፍታ፣ ትከሻዋ በሳቅ እየተንቀጠቀጠ፣ ተመልሳ ወንበሯን ዘረጋች።