የሚዛኑ ውሃ

ሊይዙኝ ሲመጡ ማሽኑ እየዞረ ነበር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው የላብራቶሪው በር ላይ ቆመ፣ ሌላኛው ገብቶ "ተነስ፣ እንሂድ" አለኝ። እኔ ደግሞ ምን ብዬ ብመልስ ጥሩ ነው? "ስድስት ደቂቃ ይቀረዋል፤ ይቁምና እንሄዳለን።"

ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ዕድሜውን ሙሉ ላብራቶሪ ውስጥ የሠራ ቴክኒሻን እየዞረ ያለ ሴንትሪፊውጅ ጥሎ አይወጣም፤ ክዳኑንም አይከፍትም። ሰውየው ዐይኑን አጠበበብኝ። "በስድስት ደቂቃ ውስጥ ምን ልታጠፋ ነው?" አለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አፌን በከፈትኩ ቁጥር የምደብቀው ነገር ያለ ይመስል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ነበረኝም።

ማሽኑ ውስጥ የነበረው ቆስጣ ነው። ጠዋት ከቀፊራ ገበያ የገዛሁት፣ በረዶ ላይ ተፈጭቶ በጨርቅ የተጠለለ ቆስጣ። ለተማሪዎች የምናሳየው ሥራ ነው፤ የቅጠሉን ሕዋስ ሰብሮ ውስጡ ያለውን በየዓይነቱ መለየት። ማሽኑ ቀስ ብሎ ሲዞር ከባድ ከባዱ ይዘቅጣል። ከላይ የቀረውን ፈሳሽ ወደ ሌላ ቲዩብ ገልብጠህ ፈጠን ስታደርገው አረንጓዴው ክሎሮፕላስት ይወርዳል። የቀረውን ደግሞ በኃይል ስታዞረው ጥቃቅኑ ማይቶኮንድሪያ ይከተላል። ታዲያ ከእያንዳንዱ የቆስጣ ቲዩብ ትይዩ፣ በማዶ በኩል፣ እኩል የሚመዝን ሌላ ቲዩብ መቀመጥ አለበት። ሌላ ነገር ከሌለህ ውሃ ትሞላበታለህ። ያለዚያ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል፣ ሲብስም ይሰበራል። ውሃው በመጨረሻ ይደፋል፤ ማንም አይመረምረውም።

ሰውየው የሥራ ደብተሬን ከጠረጴዛው አነሳ። ደብተሩ ላይ ሁለት ሰው ይጽፍበታል። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላዋ ከእኛው ትምህርት ክፍል ተመርቃ ሥራ እስክታገኝ በነፃ የምታግዘኝ ልጅ ናት፤ በየገጹ "ሚዛን፣ ውሃ፣ ይህን ያህል ግራም" ብላ የምትመዘግበው እሷ ነበረች። ከሳምንት በፊት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። የታሰሩት ተማሪዎች የት እንዳሉ ይነገረን ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም። የጻፈችው እሷ ናት። ፕላስተሩን ቆርጬ ያቀበልኳት ደግሞ እኔ። ሳቢያን ሰፈር ካለው ቤቷ የአራት ወር ጨቅላ ትታ ነበር የምትመጣው።

ያስገቡኝ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የድሬን ፀሐይ ለሚያውቅ ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም። አራት ሰዎች ከወገብ በላይ ራቁታቸውን ሆነው ጥጋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ማዕዘኑ ላይ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ ሽርጡን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀልኝ። "ዋርያ፣ ወደዚህ ና። ይሄኛው ግድግዳ ከሰዓት በኋላ ይቀዘቅዛል" አለኝ። ቀፊራ ቅመም የሚነግድ ሶማሌ ነው። ሁሉም "አዴር" ይሉታል፤ አጎቴ እንደማለት። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለማይለመድ እኔም አዴር፣ አንተ እያልኩ ቀጠልኩ።

ደግነቱ አላማረኝም። የስኳር በሽታ አለበት ተብሎ በቀን ሁለቴ "ለመድኃኒት" ይጠራል። ይሁን። ግን ሲመለስ ሽርጡ ላይ የተቋጠረ ብስኩት አለ። የስኳር በሽተኛ ብስኩት ሰጥቶ የሚመልስ የትኛው ሐኪም ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ለመመንጠር አልመጣሁም።

በሁለተኛው ቀን መርማሪው ጠራኝ። ደብተሬን ገልጦ የሰሌዳውን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠ።

"ይሄኛው ጽሕፈት ያንተ ነው። ይሄኛውስ?"

"ብዙ ተማሪ ይጽፍበታል።"

"ብዙ ተማሪ አንድ እጅ አለው?" ገጾቹን ገለበጠ። "ደሞ ይሄ ውሃ ምንድነው? በየቀኑ ውሃ መዝናችሁ ታሽከረክራላችሁ?"

አስረዳሁት። ላብ በጀርባዬ እየወረደ ስለ ቆስጣ፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ማዶ አስረዳሁት። እስክጨርስ ጠበቀኝና፣ "ለምንም የማይሆን ነገር ማሽን ውስጥ አይገባም" አለ። "ስሙን አስብበት። እኔ አልቸኩልም።"

ከሰዓት በኋላ አዴር ሥራዬን ጠየቀኝ። እየዞረ ጥዬው ከመጣሁት ማሽንና ከውሃው ጀመርኩለት፤ ውሃ ማንንም አያሳስርም ብዬ። እሱ ግን ገና ሳልጨርስ ጭኑን መታ።

"ሃ! የሚዛን ድንጋይ በለኛ! ድንጋዩን የሚገዛ የለም። ያለሱ ግን በርበሬ አይሸጥም።"

ለመርማሪው በሁለት ሰዓት ያልገባው ለእሱ በአንድ ትንፋሽ ገባው። ደስ አለኝ። ደስታዬ ሳይበርድ ግን፣ "ታዲያ ደብተሩ ላይ አብሮህ የሚጽፈው ማነው?" አለኝ።

ስለ ደብተር አንድ ቃል አልነገርኩትም ነበር።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው አልኩ በልቤ። ግን የሙያዬ ነገር ሆኖ፣ በጥርጣሬ ብቻ አልፈርድም፤ እሞክራለሁ። ለሌላ ለማንም ሳልናገር ለእሱ ብቻ በጆሮው አንድ ውሸት አስቀመጥኩ። "አንድ ልጅ ነበር። አሁን ጅቡቲ ገብቷል" አልኩት። ጅቡቲ የምትለዋ ቃል ከመርማሪው አፍ ከወጣች ጆሮ ጠቢው እሱ ነው ማለት ነው። ንጹሕ ሙከራ።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው ደብተሩን እንኳ አልገለጠም። "ጅቡቲ የሄደው ልጅ በባቡር ነው በመኪና?" አለኝ።

"በባቡር" አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እየፈጠርኩ መለስኩለት። ውስጤ ግን እርር ብሏል። የተናደድኩት በመርማሪው አልነበረም። ግድግዳውን ባጋራኝ ሽማግሌ ነበር።

ስመለስ አዴር በፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ይዞ ጠበቀኝ። በዚያ ሙቀት የጀሪካኑ ውሃ በነፍስ ወከፍ አንድ ኩባያ ነው የሚደርሰው። የራሱን ነው ያስቀመጠልኝ።

"ውሃህን ለራስህ" አልኩት። "ጅቡቲን ለማን ነው የነገርከው?"

"ለእነሱ ነዋ።" ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀም።

"አታፍርም?"

"ወላሂ አፍራለሁ።" ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ዋርያ፣ እኔ ስንት ዘመን ከጅቡቲ ዕቃ ያመላለስኩ ሰው ነኝ። ውሸት ስሰማ የማላውቅ ይመስልሃል? ስትነግረኝ ዐይኔን አላየህም። ደብተሩን ጠይቀው ያሉኝ እነሱ ናቸው። በየቀኑ አንድ ነገር ይዘህ ና ይሉኛል። ባዶ እጄን ከሄድኩ ሌላ ሰው ያስገቡባችኋል፣ የእውነት የሚሰማ። የሰጠኸኝን ወሰድኩላቸው።" ኩባያውን ወደ እኔ ገፋ አደረገና፣ "ዛሬ ስለ ጽሕፈቱ ጠየቁህ?" አለኝ።

አሰብኩ። "አልጠየቁኝም።"

"በቃ።"

ግድግዳውን ተደግፌ ብዙ ቆየሁ። ሙከራዬ ልክ ነበር፤ ጅቡቲ የምትለዋ ቃል የተመለሰችው በእሱ በኩል ነው። ውጤቱን ሳነብ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ወይም አልተሳሳትኩም። ይሄ ሁሉ ንግግር ራሱ የበለጠ ጥልቅ ጉድጓድ ቢሆንስ? ሽማግሌውን አየሁት፣ ኩባያውን አየሁት። የልጅቷ ስም ምላሴ ሥር ተቀምጧል።

በሩ ተንኳኳ። "መድኃኒት!" አለ ጠባቂው። አዴር ተነስቶ ሽርጡን አጠበቀ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ጠየቀኝ።

"ዛሬ ምን ልውሰድላቸው?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ በሕይወቴ ተጠይቄ አላውቅም። ኩባያውን አነሳሁ፤ ግማሹን ጠጣሁ፤ ግማሹን ለእሱ ሰጠሁት።

"ልጁ በግራ እጁ ነው የሚጽፈው በላቸው።"

ጢሙ ሥር ሳቀ። ውሃውን ጨልጦ ኩባያውን መለሰልኝና፣ ሱቁን ሊከፍት እንደሚሄድ ሰው ቀጥ ብሎ ወጣ።

በሦስተኛው ሳምንት ፈቱኝ። ስለ ጽሕፈቱ ዳግመኛ የጠየቀኝ የለም። ልጅቷን የነካት አልነበረም። አሁን ደሞዝተኛ ናት፤ ከእኔው ጋር ነው የምትሠራው። የማዶውን ውሃ ግን እኔ ራሴ ነኝ የምቀዳው። "ለምን?" ስትለኝ "እጅሽ ይፈጥናል" እላታለሁ፤ ትስቅብኛለች።

ባለፈው ቆስጣ ልንገዛ ቀፊራ አብረን ወረድን፤ ያኔ ጨቅላ የነበረውን ልጇን እጁን ይዛ። ብቻዬን ካልሆንኩ የማላልፍበት አንድ የቅመም መደብ አለ። ሳላስበው ከፊቱ ቆምን። አዴር ተቀምጧል፤ ጢሙ ሳስቷል። እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ልጇን አየ። ያኔ ነው ሰውነቴ ያጋለጠኝ። ሳላውቀው በመሃላቸው ገብቼ ቆሜያለሁ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ! አፈርኩ፤ ግን ፈቀቅ አላልኩም።

እሱ እንዳላየ ሆነ። ሄል መዘነልኝ፤ ሚዛኑ እኩል ከሆነ በኋላ አንድ እፍኝ ምርቃት ጨመረበት።

"ማሽኑ ቆመ?" አለኝ።

"ቆሟል፣ አዴር።"

"የጅቡቲው ልጅስ ደህና ነው?"

"ደህና ነው። አሁንም በግራ እጁ ይጽፋል።"

"አልሐምዱሊላህ" አለና ወደሚቀጥለው ደንበኛ ዞረ። ስሟን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

መንገድ ላይ እጄን ሳብ አደረገችኝ። "ማነው ደግሞ የጅቡቲው ልጅ?"

አንቺ ነሽ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"የድሮ ተማሪ ነው" አልኳት፤ ባጃጅ ጠራሁ።