ነካሹን ውሻ አትግደሉብኝ

እሁድ ከሰዓት ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ ድረስ መጥተው ውሻ ሊያስገድሉልኝ ቃል ገቡ።

እኔ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ ተቀምጫለሁ። ባቴ በፋሻ ተጠቅልሏል። ከሽማግሌዎቹ ኋላ የውሻው ባለቤት ጋሽ ደረጀ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል... ሰው ቀብሮ የመጣ ይመስላል።

የተነከስኩት ሐሙስ ጠዋት ነው። ከሀና ማርያም ወደ ሥራ ልሄድ ታክሲ ወደሚያዝበት ስወርድ የጋሽ ደረጀ በር መኪና ለማስወጣት ተከፈተ። ኮማንዶም አብሮ ወጣ። ኮማንዶ ሮትዋይለር የሚባለው ግዙፍ የፈረንጅ ውሻው ነው። አልሮጥኩም፣ አልጮህኩም፣ ድንጋይ አላነሣሁም። ባቴን ይዞ መሬት ላይ ሲጥለኝ ጋሽ ደረጀ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጎ የጠየቀኝን አልረሳውም።

«ምን አድርገሽው ነው?»

ጤና ጣቢያ ነርሷ ቁስሉን በሳሙና እያጠበች «ውሻው ተከትቧል?» አለችኝ። እዚያው ሆኜ ለባለቤቱ ደወልኩ። «እሱማ ታሞ አያውቅም» አለኝ። መርፌ ጀመርኩ። ነርሷ ግን አንድ ነገር ደጋግማ ነገረችኝ... ውሻው ታስሮ አስር ቀን ይታይ። ደህና ሆኖ ከቆየ የእብድ ውሻ በሽታ የለበትም ማለት ነው። ከሞተ ወይም ከጠፋ ግን ምን እንደነበረበት አናውቅም።

ስለዚህ ያ ውሻ መኖር አለበት። ለእሱ ብዬ አይደለም... ለራሴ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ የመጡት እሱን ገድለው ሊያስታርቁን ነው።

«የኔ ልጅ» አሉ ትልቁ፣ አባባ ተፈራ። «ደረጀ ሰው አክባሪ ነው። ውሻውን ዛሬውኑ ያስወግደዋል። አንቺም ፖሊስ ጣቢያ ያስገባሽውን ክስ ትተይዋለሽ። ጎረቤት ናችሁ።»

«በደሙ ነው እህቴ» አለ ጋሽ ደረጀ። «ሮትዋይለር እኮ ነው። ዘሩ እንደዚህ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ? ዩቲዩብ ላይ እይው፣ ባለቤቱን የበላ ሁሉ አለ።»

«ሲገዙት አያውቁም ነበር?»

«እንዴ! ለዚሁ ብዬ አይደል እንዴ የገዛሁት!»

በኩራት ነው ያለው። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ውሻው አይሞትም» አልኩ።

«ነክሶሽ?!»

«ነክሶኝ። አስሩ ቀን እስኪያልቅ በየማታው መጥቼ አየዋለሁ። አንድ ነገር ከሆነ እሱንም ክሴ ላይ እጨምራለሁ።»

አባባ ተፈራ ወደ ጓደኞቻቸው ዞር ብለው «የዛሬ ልጆች እርቅ አይገባቸውም» አሉ። ውሻ ገድሎ «ካስኩሽ» ማለት እርቅ ከሆነ... አዎ፣ አይገባኝም።

ከሰኞ ጀምሮ ከሥራ ስመለስ እያነከስኩ ግቢያቸው ገባሁ።

ኮማንዶ የሚታሰረው ከቪላው ጀርባ፣ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነው። ሰንሰለቱ አጭር ስለሆነ ዞሮ መተኛት እንኳ አይችልም። የራሱ ሽንት ላይ ይተኛል። ሰንሰለቱ አንገቱን በልቶታል፣ ቁስሉ ላይ ዝንብ ሰፍሯል። ሽታው ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ያን ቀን እራት አልበላሁም።

በማግስቱ የጋሽ ደረጀ ሚስት፣ እትዬ አልማዝ፣ የምሳ ትራፊ በሳህን ይዘው መጡ። ከሽርጣቸው ኪስ ብልቃጥ አውጥተው ላዩ ላይ ነሰነሱበት። ሳህኑ ቀላ።

«ምንድን ነው?»

«ሚጥሚጣ። ካላቃጠለው ይሰንፋል።»

«ሣጥኑስ ቀኑን ሙሉ ለምን ይዘጋል?»

«ሰው ሲያይ ከዋለ ይለምዳላ! ሰው ከለመደ ምን ይሠራልናል?»

ሳቁ። የወጥ አሠራር እንደሚያሳዩኝ ሁሉ ነው የሚያስረዱኝ።

እንዳትሳሳቱ፣ ኮማንዶን አልወደድኩትም። ሁልጊዜ ሰንሰለቱ ከማይደርስበት ርቄ ነበር የምቆመው። መንጋጋው የሮትዋይለር ነው፤ ነርሷም የሰፈር ውሻ ቢሆን ጥርሱ ይሄን ያህል አይጠልቅም ነበር ብላኛለች። እሱን አልክድም። ግን ሚጥሚጣውን ከእናቱ ሆድ ይዞ አልመጣም።

አስሩ ቀን አለፈ። ኮማንዶ ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ። ነርሷ «እንኳን ደስ ያለሽ» ስትለኝ እዚያው ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ማታ ጋሽ ደረጀ ደወለ። «አለቀልሽ አይደል?» አለና መልሴን ሳይጠብቅ ዘጋው።

ጠዋት ስወጣ ከጋሽ ደረጀ ግንብ ሥር፣ ቦዩ ውስጥ፣ ማዳበሪያ ተጥሏል። አፉ በደንብ ስላልታሰረ የኮማንዶ እግር ወጥቶ ይታያል። ዝንቦቹም አብረውት መጥተዋል። ሰንሰለቱን ግን ከአንገቱ ፈትተው አስቀርተውታል።

ለምን እንዳስቀሩት በሩን ስደበድብ አየሁ። እትዬ አልማዝ ሲከፍቱልኝ በሩ አጠገብ፣ በዚያው ሰንሰለት፣ ጡት በቅጡ ያልጣለ ቡኒ ቡችላ ታስሯል።

«ይሄን እንኳ አትፍሪ» አሉኝ። «አበሻ ነው። ዘሩ ጨዋ ነው፣ አይነክስም።»

እጃቸው ላይ ሳህን አለ። ቀይ ነው።

«ታዲያ ሚጥሚጣው ለምንድን ነው?»

«እንዲነክስ ነዋ!»

ስሙን ጠየቅኳቸው። ኮማንዶ ብለውታል።

ክሱን አላነሣሁም። አባባ ተፈራ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። ያዙሩ።

ዛሬ ጠዋት በዚያ በር ሳልፍ ቡችላው በላሜራው ሥር አፍንጫውን አውጥቶ እግሬን አሸተተ። ጭራውን ሲቆላ በሩን መታ መታ ሲያደርገው ይሰማኛል...

ገና አላስተማሩትም።