ለማስተርስ የተላከ ሽማግሌ

ለመምህራን ወደተዘጋጀው የንባብ ትምህርት ማስተርስ ለመግባት አመልክቼ፣ ለቃለ መጠይቅ በተጠራሁበት ማለዳ፣ በደስታ ክንፍ አውጥቼ ከምንኖርባት የውጭ አገር ከተማ፣ ከሬይኖልድስበርግ፣ ተነሣሁ። በመኪናቸው ያደረሱኝ ጎረቤቴ ጋሼ ከበደ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተከትለውኝ ዩኒቨርሲቲው ገቡ።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አንዲት ጠጉራቸው የነጣ ሴት ተቀምጠዋል። ጠያቂዬ መሆናቸውን አልተጠራጠርንም። ወንበር ቢያሳዩአቸው ጋሼ እንደቆሙ ቀሩ።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም። ተርጉም እንጂ፣ ምን ያፈጥጥሃል?»

ላብ እያጠመቀኝ ተረጎምሁ።

«ልጃችን ጨዋ ነው፤ መጽሐፍ ከእጁ አይለይም። አደራዎን፣ ይቀበሉልን።»

ሴትየዋ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«እኔም እንዳንተ አመልካች ነኝ» አሉኝ። «ጠያቂዋ ስትመጣ ለእኔም ይቆሙልኛል?»