እስክሪብቶዬ ሰማያዊ ነበር

የዚያን ቀን የሠራሁት ጅልነት ይህ ነው፦ ወረቀት ላይ የወደቀ የገዛ ደሜን አይቼ፣ ቀይ እስክሪብቶ አንጠባጠበብኝ ብዬ እስክሪብቶውን ወረወርኩት።

ወረቀቱ የአንድ የድሮ የሕክምና መጽሔት ፎቶኮፒ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ኮተቤ ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው። በጎ ፈቃደኞች ያለ ደመወዝ በሚጽፉት የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ እጽፋለሁ፤ ይልቁንም ሌሎች የጻፉትን አርማለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ባዮሎጂ ያስተማረ ሰው ተማሪ ሲያልቅበት የማያውቃቸውን ሰዎች ማረም ጀመረ በሉት። ያን ሰሞን የያዝኩት ስለ አንዲት ሟች የቲቢ ተመራማሪ የተጻፈ ጽሑፍ ነበር። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የታተመ ማስረጃ ካለው ይቆያል፤ ከሌለው «ምንጭ ይጠቀስ» ብዬ እለጥፍበታለሁ። በዚህ ጨካኝ ነኝ። እናቴ የተወለድኩበትን ቀን ብትነግረኝ ገጹን የምጠይቅ ዓይነት ሰው ነኝ።

ሳል ከያዘኝ አምስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ነው እላለሁ። ማታ ያልበኛል፤ ብርድ ልብሱ ስለወፈረ ነው። ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ገባ፤ ቆዳው ስለተለጠጠ ነው። ለሁሉም መልስ ነበረኝ፤ ለአንዱም ምንጭ አልነበረኝም። ይባስ ብሎ፣ ጽሑፉ ውስጥ ተመራማሪዋ «ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ሰው ይመርመር» እያለች ታስተምር እንደነበር ተጽፏል። እዚያ ላይም «ምንጭ ይጠቀስ» ብዬ ለጠፍኩ። እያሳለኝ።

ከዚያ ከአንዱ ሳል ጋር ቀዩ ነጥብ መጣ። ባለቤቴ አስናቀች አጠገቤ ምስር ትለቅማለች። የወረወርኩትን እስክሪብቶ አነሳችና አገላብጣ አየችው።

«ይሄ እኮ ሰማያዊ ነው» አለች።

ወረቀቱን አየች። እኔን አየች። የምስሩን ሰፌድ መሬት አስቀመጠች።

ዕድሜ ልኬን በቀይ ስላረምኩ፣ እጄ የያዘው ሁሉ ቀይ ይመስለኛል።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድን። ሐኪሟ የልጄ እኩያ ናት።

«አባቴ፣ ሳሉ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ጥቂት ቀን።»

«አምስት ሳምንት» አለች አስናቀች።

ሐኪሟ የእሷን ጻፈች። ከሁለት ምንጮች ታማኙን መምረጥ ታውቅበታለች። አክታ ሰጠሁ። ራጅ ተነሳሁ። የአክታው ውጤት መጣ።

«ቲቢ ነው፤ የሳንባ። መድኃኒት አለው፣ ይድናሉ። ግን ስድስት ወር ነው። ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ አራት ወር ሁለት ዓይነት። አንድም ቀን አይዘለልም። ቤት ውስጥ ከእርስዎ ጋር ማን አለ?»

አስናቀች አለች። ሌላ ማንም የለም።

ያኔ ቀልዴ ጠፋ። እሷም ተመረመረች። ውጤቱን ቤት ሆነን ጠበቅን። እኔ ለብቻዬ ክፍል ያዝኩ። መስኮት ተከፈተ። ማስክ አደረግሁ። ከጓዳ አንድ ጊዜ ስትስል ሰማኋት።

«በርበሬው ነው» አለች በበሩ በኩል።

«ምንጭሽ ምንድን ነው?» አልኳት።

አልሳቀችም። እኔም ለማሳቅ ብዬ አልነበረም።

ነጻ ናት ተባለ። በሕይወቴ ከተነበቡልኝ ወረቀቶች ሁሉ ያን ያህል ያማረ ጽሑፍ አላውቅም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሰዓት ከሰዓት ትኩሳት ነበረኝ። በረንዳው ላይ ጋቢ ለብሼ ስጋደም ተራራው ቀስ ብሎ ይጠጋኝ ነበር፤ ባሕር ዛፎቹ ከነጉማቸው አጥሩ ድረስ ይወርዳሉ። አንድ ቀን ያቺ ተመራማሪ፣ በደበዘዘ ፎቶ ብቻ የማውቃት፣ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ በዛፎቹ መሐል መጣች። አጥሩ ጋ ቆመች። እኔም ተነስቼ እጅ እንደ መንሳት ብዬ፣ «የትውልድ ዘመንዎን ሁለት ምንጮች የተለያየ አድርገው ጽፈውታል፤ የትኛው ነው ትክክሉ?» አልኳት። «መድኃኒትህን ውጠሃል?» አለችኝ። ከኋላዋ ቅርጫት ያንጠለጠለ ሰው ነበር፤ ፊቱን አላየሁም። ምናልባት ያን ሰው በኋላ ጨምሬው ይሆናል። ሕልም የታተመ ቅጂ የለውም።

ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት የምውጠው ጤና ጣቢያ፣ ሲስተር ጽጌ ፊት ነው። ጡረታ ለመውጣት የተቃረበች ነርስ ናት። ውሃ ትሰጠኛለች፤ ስውጥ ታየኛለች፤ ካርዴ ላይ ምልክት ታደርጋለች። በሦስተኛው ቀን ሽንቴ ብርቱካናማ ሲሆን አለቀልኝ ብዬ እየሮጥኩ መጣሁ።

«ሪፋምፒሲን የሚባለው ኪኒን ነው፤ ሽንት ያቀላል» አለችኝ። «መጀመሪያ ቀን ነግሬዎታለሁ። እርስዎ ያን ጊዜ ስለ መዝገብዎ ሕግ እያስተማሩኝ ነበር።»

እውነቷን ነው። ተራ ስጠብቅ ፎቶኮፒዬን እያነበብኩ ለማንም እሰብክ ነበር፤ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ማስረጃ አይሆንም፣ ትዝታ ማስረጃ አይሆንም እያልኩ።

ሁለት ወር ሲሞላኝ አክታዬ ንጹሕ ሆነ። ምግብ ጣመኝ። ኪኒኑ ግን አንጀቴን ይገለብጠዋል። ልተወው ወሰንኩ።

«ሲስተር፣ እኔ ድኛለሁ» አልኳት።

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ።»

«ጋሼ፣ ሰው ስለ ራሱ የሚለው አይቆጠርም ሲሉኝ አልነበር?»

«አክታውም እኮ ነጻ ብሏል።»

«አክታው ዛሬ አልታየም ነው ያለው። አልቋል አላለም።» ኪኒኖቹን መዳፌ ላይ አስቀመጠች። «ካራ፣ ከዳገቱ ላይ፣ አንዲት ሴት ነበረችን። በሦስተኛው ወር ተሻለኝ ብላ ተወችው። እኔና ዶክተሯ ሄደን ለመንናት። ሁለተኛ ስንሄድ ተኝታለች። ሦስተኛ ስንሄድ በሩ ተዘግቷል።»

«የትኛዋ ዶክተር?»

ስሟን ጠራችው። የማርመው ጽሑፍ የተጻፈላት ያቺ ሟች ተመራማሪ ናት። ኪኒኑ አፌ ውስጥ ነበር፤ ዋጥኩት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት አራት ወራት፣ አሁን ሳስታውሳቸው፣ እንደ አንድ ረዥም ጠዋት ናቸው፤ ኪኒኔን ውጬ፣ ሲስተር ከድሮው አንድ ነገር አውግታኝ፣ ከዚያ ወደ ዳገቱ እስከምችለው ድረስ እየወጣሁ፣ መጀመሪያ እስከ ሱቁ፣ ቀጥሎ አስፋልቱ እስኪያልቅ፣ ኋላም ባሕር ዛፉ እስኪጀምር፣ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጉሙ ከሥሬ ተነስቶ የአያትን ሰፈር ከነኮንዶሚኒየሙ ሲሸፍንና ሲገልጥ እያየሁ የሰማሁትን በሰማያዊ እስክሪብቶ እጽፍ ነበር። ሲስተርና ዶክተሯ ዳገቱን በሚዞሩበት ዘመን የቤት ቁጥር አልነበረም፤ ሲስተር የሕሙማኑን አድራሻ በዛፍ ነበር የምትይዘው፣ «ቅርንጫፉ የተገነጠለው ባሕር ዛፍ ጋ፣ ውሻው ካለበት ግራ» እያለች። የአክታ መያዣዎቹን በቅርጫት ይዛ ከዳገት የምትወርደውም እሷ ነበረች። እጄ ላይ ያለው የመጽሔት ጽሑፍ ግን «ሕሙማኑ በየቤታቸው ክትትል ተደረገላቸው» ብሎ ያልፋል። ማን እንዳደረገው አይልም።

በመጨረሻው ቀን ሐኪሟ «ጨርሰዋል፤ ንጹሕ ነዎት» አለችኝ። እኔም ለሲስተር ቃል ገባሁላት፦ ስምሽ ያ ጽሑፍ ውስጥ ይገባል።

አስገባሁት። በሁለተኛው ቀን ሌላ በጎ ፈቃደኛ፣ በብዕር ስሙ ብቻ የማውቀው፣ ሰረዘው። ከሥሩ እንዲህ ብሏል፦ «የታተመ ምንጭ የለውም። ይህን ሕግ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።» በረንዳዬ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ድሮ ቢሆን ያ ሳቅ ሲያስለኝ ያመሽ ነበር። ምንም አላሳለኝም።

እንደ እኔ ለምታመካኙ ሁሉ የምለው አለኝ። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ብርድ ነው፣ አቧራ ነው አትበሉ፤ ሂዱ። አብሯችሁ የሚኖረውንም ሰው አስመርምሩ፤ ከራሳችሁ ይልቅ እሱን ፍሩለት። የተሻላችሁ ቀን መድኃኒቱን ለመተው የምትፈተኑበት ቀን ነውና ያን ቀን ብቻችሁን አትወስኑ። ሐኪሟን አመሰግናለሁ፤ የእኔን ቃል ትታ የሚስቴን ስለጻፈች። አስናቀችን ቀለም ስለምትለይ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሲስተርን መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት።

«ጋሼ፣ ጻፉኝ?»

«ጽፌሽ ነበር፤ ሰረዙሽ።»

ሳቀች። ሰልፉ ሁለት እርምጃ ተራመደ። ከዚያ፣ «እኔስ ይቅር» አለች፤ «ያቺን የካራዋን ሴት የጻፈ አለ?»

የለም። ስሟን ነገረችኝ፤ መዳፌ ላይ ጻፍኩት።

ይህ ትዝታ ከታተመ፣ ሌላ ሰው እንደ ምንጭ ሊጠቅሰው ይችል ይሆናል፤ የራስን ጽሑፍ መጥቀስ ክልክል ስለሆነ እኔ አልችልም። እስከዚያ ድረስ ለሲስተር ጽጌ አንድ ዓረፍተ ነገር አለብኝ። አጭር ናት፤ ሁለት ስም ብቻ ነው የምትይዘው፤ የእሷንና የካራዋን ሴት።